አምባሳደሯ ሳትኖር

«አባትሽን መስኮቱን ይዝጋ በይው፤ ጸጉሬን አተራመሰብኝ!»

ጸጉር ሠሪዋ ይህን ያለችው ፊቷን ወደ ኋላ ወንበር መልሳ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ግን አንድ ሻንጣ፣ የባሏ የመሣሪያ ሳጥንና የትንሹ ልጃቸው አንድ እግር ካልሲ እንጂ ሰው አልነበረም። ካልሲው ለአባቱ ምንም አልነገረውም።

ባሏ መስኮቱን ዘጋ። አልሳቀባትም። እሱም ከከተማው ሲወጡ «እናትሽን ቀበቶዋን ትሰር በያት» ሊል አፉን ከፍቶ ነገሩን በሳል እንደሸፈነው አይታዋለች። ስለዚህ አንድ ለአንድ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የባሏ ታናሽ ወንድም «ለሁለት ሳምንት» ብሎ መጥቶ ሳሎን ሶፋው ላይ ከረመ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፤ ሰውዬው ሶፋው ላይ ነው። ባልየው ግባ ያለው ሚስቱን ሳያማክር ነበር። ጸጉር ሠሪዋም አንድ ጠዋት ብድግ ብላ «በዚህ ቤት የማልጠየቅ ከሆነ የማልናገርም ነኝ፤ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር ቃል አልለዋወጥም» አለች። የተናገረችውን መልሳ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ጸጉር ቤቷ ውስጥም ሕጓ የታወቀ ነው። ጭንቅላቷን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከትታ «ምን አልሽኝ?» የምትል ደንበኛ ብትኖር «እኔ አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም፤ ስትወጪ ጎንሽ ያለችውን ጠይቂያት» ትባላለች። ደንበኞቿ ይስቃሉ፤ ግን ሁለተኛ አይጠይቁም።

ወንድምየው አግብቶ ከወጣ ቆየ። ጠቡም ሶፋው ላይ ትቶት እንደሄደው ጉድጓድ ቀስ እያለ ሞላ። የቀረው ልማዱ ብቻ ነው፤ ግንቡ አልቆ መወጣጫው ሳይፈርስ እንደሚቀረው። «በሩን ቆልፈው»፣ «ስልክሽ ጠራ» ይባባላሉ። ከዚያ የከበደ ነገር ሲመጣ ግን በልጅ ነው። «አባትሽን እንዲህ በይው።» «እናትሽን እንዲህ በያት።» ትልቋ ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አክስቷ «አምባሳደሯ» ብላ ስም ያወጣችላት በከንቱ አይደለም። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ስትመላለስ ነው ቁመት ያወጣችው። ታናሽየው ለዚህ ሥራ አልሆነም፤ የሰማውን ከነቁጣው፣ ከነስድቡ ስለሚያሰራጭ «ሬዲዮ» ተብሎ ገና በጠዋቱ ታግዷል።

ጸጉር ሠሪዋ ስለ አምባሳደሯ ለደንበኞቿ አውርታ አትጠግብም። «አንድ ልጅ ወልጄ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራልኛለች» ትላለች። ጠዋት ስትነቃ ራስጌዋ ላይ በሻይ ሳህን የተከደነ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይጠብቃታል። ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውል ሴት ጉሮሮዋ ምን እንደሚፈልግ ከሴት ልጅ ሌላ ማን ያስባል?

ይህንንም ጉዞ ያመጣችው አምባሳደሯ ናት። ባልየው ፍሪጅና ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለትልቅ ሠርግ ሽር ጉድ ሲል የሥጋ ማቀዝቀዣው ሞተበት፤ ባልየው ደርሶ ነፍስ ዘራበት። ሥራ አስኪያጁም ደስ ብሎት «ባለቤትህን ይዘህ ና፤ ቅዳሜና እሁድ የእኔ እንግዶች ናችሁ» አለው። ባልየው ይህን እራት ላይ ለልጆቹ አወራ፤ አወራና ተወው። ረቡዕ ዕለት አምባሳደሯ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አባዬ "ሁለታችን ብቻ ብንሄድ ደስ ይለኛል" ብሏል።»

እናትየው የአንዲት ሙሽራ ጸጉር ላይ ቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እንደዚያ አለ? አፉን ሞልቶ?»

«አፉን ሞልቶ።»

«ካለማ ይሁን በይው።»

ሙሽራዋን ከሸኘች በኋላ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየች። በማግስቱ አረንጓዴ የአንገት ልብስ ገዛች። «ሐይቅ ዳር ይበርዳል» አለች ለራሷ። ማንን እንደምታታልል እንጃላት።

አሁን መኪናው ውስጥ ሆና ስታስበው ግን ደስታው ውስጥ አንድ እሾህ አለ። ሩቅ ያለ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ለባሏ ሥራ አቅርቦለታል። ክፍያው ደህና ነው። ውሉ ሁለት ዓመት ነው። ቤተሰብ ይዞ መሄድ የለም። በቀደም በአምባሳደሯ በኩል «እናትሽ ምን ትላለች?» ብሎ ልኮባት ነበር። እሷ እጇ እስከ ክርኗ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ቀና እንኳን ሳትል «እንደፈለገ ያድርግ በይው» አለች። ይህን ካለች ጀምሮ ራሷን ትጠይቃለች። መልሷ እውነት ነበር እንዴ? «አትሂድ» ማለት ስትችል እንዴት እንደዚያ አለች? ግን ተብሏል፤ የተባለ ደግሞ ሁለቴ አይባልም።

የመጋዘኑ ሰዎች ቁርጡን ለመስማት እሁድ ጠዋት ይደውላሉ። ዓሣ እሁድ የለውም። ታዲያ ሰው ሚስቱን፣ ያውም በወጉ ያላናገራትን ሚስቱን፣ በዚህ ሰዓት ሐይቅ ዳር የሚወስዳት ምን ሊላት ነው? «መሄዴ ነው፤ ልጆቼን አደራ» ሊላት ነው እንጂ! ልጆቹን ለባሏ እህት አስረክበው ሲወጡ አምባሳደሯ በመስኮት እጇን ስታውለበልብ ፊቷ ላይ ያየችው ጭንቀትም ይህንኑ የሚናገር መሰላት። የአንገት ልብሷን ጠበቅ አድርጋ ጠመጠመች።

የሆቴሉ ክፍል ንጹሕ ነው። ሰፊ አልጋ፣ እንደ ወፍ የታጠፉ ሁለት ፎጣዎች፣ ትልቅ መስታወት፣ ወደ በረንዳ የሚያወጣ የመስታወት በር፤ ከበሩ ባሻገር ሐይቁ። ወለሉ ላይ አሻንጉሊት የለም። «እማዬ እዪው ሲመታኝ» የሚል የለም። ሁለቱም የሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ተማሪ የሌለበት ክፍል እንደገቡ ሁለት አስተማሪዎች ቆሙ።

ባልየው ሻንጣውን አስቀመጠና በቀጥታ ጥግ ወዳለችው ትንሽ ፍሪጅ ሄዶ ጆሮውን ደገነ።

«ትነጫነጫለች» አለ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

«እንግዳ ነህ እኮ» አለች እሷ ለመጋረጃው።

«እንግዳ ብሆንስ? አንድ እግሯ አጥሮ ነው።»

ተንበርክኮ ካርቶን ቀደደና ከፍሪጇ እግር ሥር ወተፈ። ፍሪጇ ጸጥ አለች። ባትል ይሻል ነበር፤ አሁን ክፍሉ ውስጥ የሚናገር አንድም ነገር አልቀረም።

እሷ የአልጋው ወዲህኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ። ስልኳ ሲጠራ ሁለቱም እንደ ዳነ ሰው ተነፈሱ። ስክሪኑን የሬዲዮ አፍንጫ ሞላው።

«እማዬ! አክስቴ ቴሌቪዥን እስኪበቃችሁ እዩ አለችን! ደግሞ ለጎረቤቷ "ሁለቱ ድንጋዮች ዛሬም ካልተናገሩ መቼም አይናገሩም" አለቻት! ድንጋዮቹ እነማን ናቸው?»

ስልኩ ተነጠቀ፤ አምባሳደሯ ታየች። «ደረሳችሁ? አባዬስ?»

«አለ።»

«ምን ይላል?»

ባልየው ከወዲያኛው ጫፍ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እናትሽን ምሳ እንውረድ በያት፤ እኔ ርቦኛል!»

«እማዬ፣ አባዬ "አንቺ እንዳይርብሽ ምሳ ብንወርድስ" ይላል።»

ጸጉር ሠሪዋ ባሏን አየችው። እሱም አያት። በመካከላቸው አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር፤ መልእክቱ ግን ከተማ ድረስ ሄዶ ሲመለስ ልብስ ለውጦ መጥቷል።

«"ርቦኛል" ነው ያለው፤ ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ያው ነው እኮ እማዬ…»

ከልጅቷ ጀርባ የአክስትየው ድምፅ ጮኸ። «እናንተ! አንድ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ በእኔ ቤት በኩል ትላላካላችሁ? ዝጊው አንቺም! እግዜር አፍ የሰጣችሁ ለምን ሆነና!» ስልኩ ተዘጋ።

ምሳ የሚቀርበው ሐይቁ ጠርዝ ላይ፣ ዳስ ሥር ነው። አጠገባቸው አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ሁለት ልጆች አንዱ አንዱን ፎቶ ያነሳል። አስተናጋጁ ብዕሩን ይዞ ሲመጣ ለጸጉር ሠሪዋ ከሰማይ የተላከ አማላጅ መሰላት፤ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ለእኔ ዓሣ። ለእሱም ዓሣ፣ ከሩዝ ጋር። ሾርባ ግን እንዳታመጣለት፤ አይወድም።»

ባልየው ራሱን ቀና አደረገ። «ሾርባ ነው የምፈልገው» አለው ለአስተናጋጁ።

«ሾርባ ይፈልጋሉ» አለ አስተናጋጁ ለእሷ።

«አይወድም እኮ ነው የምልህ!»

«አይወዱም ይላሉ» አለ አስተናጋጁ ለእሱ፤ ሥራውን ለምዶት ነበር።

«ወንድሜ፣ ሁለት ሾርባ አምጣና ሂድልን» አለ ባልየው።

አስተናጋጁ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የሚላክ ሰው ጠፋ። ጸጉር ሠሪዋ ማንኪያውን አነሳች፣ አስቀመጠች፤ በመጨረሻ ባሏን በቀጥታ አየችው።

«ሾርባ አልወድም ብለህ አልላክህብኝም?»

«እኔ? ሾርባ? ማን ነው ያለው?»

«አንተ! "ሆዴን ይነፋኛል" ብለህ!»

«አንቺ ነሽ እንጂ "ሾርባ መሥራት ሰልችቶኛል፣ ሁለተኛ እንዳይጠይቀኝ" ያልሽው! እኔማ እህቴ ቤት ተደብቄ እየሄድኩ ነው የምጠጣው። ሦስት ዓመት ሙሉ! እንደ ሰካራም!»

ነገሩ ለሁለቱም እኩል ገባቸው። ቤታቸው ውስጥ ሾርባ የማይወድ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሾርባ ሲቀርብላት አፍንጫዋን የምትይዝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት።

መጀመሪያ የባልየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ጸጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ልታስቀረው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አጠገባቸው ያሉት ልጆች ፎቷቸውን ትተው አዩዋቸው። አስተናጋጁ ሾርባውን ይዞ ሲመጣ በእሱ ሥራ የሳቁ መስሎት እሱም ጥርሱን አሳየ።

«ጉደኛ ናት!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ቆይ፣ እዚህ እንሂድ ያልከውስ? "ሁለታችን ብቻ" ያልከው?»

«እኔ መቼ አልኩ?» አለ፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም። «አንቺ ነሽ እንጂ። "ከእሱ ጋር ሁለት ቀን ብቻችንን መሆን አምሮኛል" አለች ብላኝ ነው እንጂ እኔማ ለሥራ አስኪያጁ አይመቸንም ልለው ነበር።»

የጸጉር ሠሪዋ ሳቅ ቆመ።

አይመቸንም ሊለው ነበር። ታዲያ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ያየችው ለማን ነው? አረንጓዴው የአንገት ልብስ አንገቷን አቃጠላት። ቀስ ብላ ፈታችው፣ አጣጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች።

«ምንም አላልሽም?»

«አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም።»

ባልየው «እሺ» አለ። ማንኪያውን አነሳ። እሷ ሳቋን ስታቆም የእሱም ፊት እንደተዘጋ አየች፤ ግን ማየት ሌላ፣ መናገር ሌላ። ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ማንም አልመሰከረለትም።

ከሰዓት በኋላውን ማንም ሳይጠራቸው እንደመጡ ሁለት እንግዶች አሳለፉት። እሱ የሆቴሉን ማቀዝቀዣ «እግረ መንገዴን ልየው» ብሎ ወጥ ቤት ገባ። እሷ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከቅርጫቷ አንድ የተበላሸ እንቁላል ያገኘች ሴት የቀሩትንም አንድ በአንድ እያነሳች ብርሃን ላይ ታያለች፤ ጸጉር ሠሪዋም የባሏን ደግ ቃል ሁሉ እያነሳች አየች። ቀለም እጇን ያቆሰላት ጊዜ «አይዞሽ በያት» ያለው፣ የእሱ ነው ወይስ የልጅቷ? ጸጉሯን አሳጥራ የመጣች ቀን «ወጣት መሰለች» ያለውስ? ሦስት ዓመት በእነዚህ ቃላት ስትሞቅ ኖራለች። አሁን ግን የማገዶው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠፋባት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ደወለች።

«ሾርባውን ደርሰንበታል» አለች።

አምባሳደሯ ቀስ ብላ «ሾርባውን ብቻ?» አለች።

«ሌላም አለ?»

«እማዬ፣ አትቆጪ። መጀመሪያ እኮ እንደዚህ አልነበረም። አባዬ "ያቺን ሴትዮ በያት" ሲለኝ እኔ "እማዬ" እላለሁ። አንቺ "ያንን ሰውዬ በይው" ስትይኝ "አባዬ" እላለሁ። እሱን ብቻ ነበር የምቀይረው። በኋላ… ለመደብኝ።»

እናትየው ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከእንግዲህ ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። የተባልሽውን፣ ቃል በቃል።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ቃል በቃል።»

ሌሊት በዚያ ሰፊ አልጋ ላይ ሬዲዮ በመካከላቸው ተጋድሞ ቢሆን ኖሮ እንኳን ከዚህ በላይ አይራራቁም ነበር።

እሁድ ጠዋት ጸጉር ሠሪዋ ስትነቃ ባሏ አጠገቧ የለም። እጇን እንደ ልማዷ ወደ ራስጌዋ ላከች፤ ብርጭቆውን አገኘችው፤ ሳህኑን አነሳች፤ ተጎነጨች። ሁለተኛውን ጉንጭ ልትውጥ ስትል ቆመች።

ብርጭቆውን ከፊቷ አራቀችና አየችው። የሆቴል ብርጭቆ ነው። የሻይ ሳህኑም የሆቴል ነው። አምባሳደሯ ያለችው ከተማ ነው።

በመስታወቱ በር ባሻገር ባሏ ይታያል፤ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የሚወዛወዝ ወንበር ብሎን ያጠብቃል። ያ ጸጉሩ! ጆሮው ላይ ወርዷል፣ ማጅራቱ ላይ ተጠቅልሏል። የጸጉር ሠሪ ባል ለመሆኑ ማን ይመሰክራል? ውሃውን እስከ ታች ጠጣችው። በልክ የሞቀ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚሆነው።

ተነስታ በሩን ከፈተች። «ና ተቀመጥ» አለች። «ጸጉርህ ጆሮህን ዋጠው። ሰው አብረን ቢያየን ሥራዬን ታሰድበኛለህ።»

እሱ መስታወቱ ፊት ወንበር ሳበ፤ እሷ ያን እንደ ወፍ የታጠፈውን ፎጣ ፈትታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። መቀስና ማበጠሪያ የትም ብትሄድ ከቦርሳዋ አይለዩም። ከኋላው ስትቆምና ፊቱን መስታወት ውስጥ ስታየው ትከሻዋ ቀለል አለ። የሥራዋ ልማድ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ሲታይ ያስፈራል፣ መስታወት ውስጥ ሲሆን ግን ግማሽ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ሁሉ ይነገራል።

«ውሃውን አንተ ነህ የምታስቀምጠው?» አለች ለመስታወቱ።

«የቱን?»

«ቤት። ጠዋት ጠዋት።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ልጅሽ እኮ በባልዲ ውሃ እንጂ በሌላ አትነቃም።»

«ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ውሃ ምን ይነገራል?»

መቀሱ ቆረጥ ቆረጥ አደረገ። የግራ ጆሮው ከተደበቀበት ወጣ።

«ኤሌክትሪክ የያዘኝ ጊዜ» አለ ባልየው፣ «"ከሥራ ይቅር፤ የእኔ ሥራ ለሁላችን ይበቃል" ብለሽ ነበር።»

«"ይሄ ሰው ጓንት የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ" ነው ያልኩት።»

መስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለ። «እሱም ያው ነው።»

«አንተስ ጸጉሬን ያሳጠርኩ ቀን "ወጣት መሰለች" ብለሃል?»

አሰበ። የሚዋሽ ሰው አይደለም። «አላልኩም» አለ። «አይቼ ግን ነበር።»

ማበጠሪያዋ ጸጉሩ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆየ። ግራ ጎኑን ጨርሳ ወደ ቀኝ ልትዞር ስትል እሱ እንደገና አፉን ከፈተ፤ አሁን ዓይኑ መስታወቱ ላይ አልነበረም።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። የወደቡን ነገር። "አትሂድ በይው፤ ቤቱ ያለ እሱ ቤት አይሆንም" ብለሽ የላክሽብኝ… ዛሬ ሲደውሉልኝ አልመጣም ልላቸው የወሰንኩት እሱን ይዤ ነው። እሱንስ ብለሻል?»

መቀሱ አየር ላይ ቆመ።

ሊሰናበታት አይደለም ያመጣት። ሊቀር ነው። ያውም በእሷ ቃል፤ እሷ ባልተናገረችው ቃል። ነገሩን አፏ ውስጥ ትንሽ ብታቆየው ኖሮ ሌላ ይወጣ ነበር። ግን ምላሷ ከአሳቧ ቀድሞ መሮጥ የለመደ ነው፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

«"እንደፈለገ ያድርግ" ነው ያልኩት» አለች።

እውነቷን ነው። ክፋቱም እሱ ነው።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ዓይኑን ወደ ጭኑ ጣለ። ከሱሪው ላይ አንዲት ጸጉር አነሳ፣ አያት፣ መሬት ላይ ጣላት። «እሺ» አለ። «እንደፈለግሁ ከሆነማ… ሥራው ጥሩ ነው።»

ስልኩ ጠራ። ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ግራ ጎኑ ተስተካክሎ ቀኝ ጎኑ እንደጎፈረ ተነሳ። በረንዳው ላይ ወጣና የመስታወቱን በር ከኋላው ዘጋ።

ጸጉር ሠሪዋ መቀሷን እንደያዘች ቀረች። ድምፁ አይሰማም፤ ጀርባው ግን ይታያል። በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። በነጻ እጁ ያጠበቀውን ወንበር ያወዛውዛል፤ ወንበሩ አልተወዛወዘም። እንደገና ራሱን ነቀነቀ።

እጇ ሳታዘው የራሷን ስልክ አንስቶ ወደ ከተማ ደወለ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«እማዬ?»

«አባትሽን…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እየሰማሁ ነው! ቃል በቃል ነው የምነግረው፣ እማዬ ሙች። ምንም አልጨምርም፣ ምንም አልቀንስም። ምን ልበለው?»

ጸጉር ሠሪዋ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ ይሰማታል። ይህቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በወደቡና በቤቱ መካከል ልትቆም ነው፤ የሌለ ቃል እያሰበች፣ እየፈራች፣ እያለበሰች። ራስጌዋ ላይ ያለው ባዶ ብርጭቆ ከነሳህኑ ይታያል። ባሏ እዚያ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ በሩን ትነካለች።

«እማዬ? ምን ልበለው?»

«ምንም አትበይው» አለች። «ቅርብ ነው ያለው።»

ስልኩን አልጋው ላይ ጣለች። የመስታወቱ በር ጠንክሮ አልከፈት አላት፤ በትከሻዋ ገፋችው። የሐይቁ ነፋስ ጸጉሯን አተራመሰው፤ ተወችው።

«… ሰኞ ባይሆን እንኳን ማክሰኞ…» እያለ ነበር ባልየው።

«አትሂድ» አለች።

ዞረ። ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ምን አልሽ?»

ሰምቷል። እሷው ራሷ በመቀሷ የገለጠችው ጆሮ ወደ እሷ ነበር፤ ሰምቶ ነው የሚጠይቃት። ጸጉር ሠሪዋ ይህን አወቀች። ማንም ደንበኛ ቢሆን ምን እንደምትለው ታውቃለች። መቀሱን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ አዛወረች።

«አትሂድ» አለች እንደገና። «ደግሞ ሰውዬውን ቶሎ አሰናብተህ ግባ፤ አንድ ጎንህ ቀርቷል።»